የልጆች ክፍላችሁን ማሻሻል ትፈልጋላችሁ? መጀመሪያ ጎረቤት አጥቢያ ሄዳችሁ እዩ

እሑድ ነው፤ ጉባኤው ተበትኗል። አንዲት እናት የ4 ዓመት ልጇን ፍለጋ ግቢውን ትዞራለች። የልጆቹ ክፍል ባዶ ነው። አስተማሪዋ "አሁን አንዲት ሴትዮ ይዛው ወጣች" አለቻት። ሴትዮዋ አክስቱ ሆና ተገኘች፣ ነገሩም በሳቅ አለቀ። እኛ ግን አልሳቅንም። አክስቱ ባትሆንስ?

የሚገርመው፣ በእግር በሚደረስበት ሌላ አጥቢያ ይሄ ችግር በካርቶን ቁራጭ ተፈቷል። ወላጅ ልጁን ሲያስረክብ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይሰጠዋል፤ ያው ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ልጁ ልብስ ላይ ይደረጋል። ቁጥሩ ካልገጠመ ልጁ አይወጣም። በቃ። ሁለቱ አጥቢያዎች ግን ተነጋግረው አያውቁም።

ከአገራችን ሕዝብ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ነው። ስለዚህ የልጆች ክፍል ከጀርባ ያለች ቆርቆሮ ቤት ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

አንዱ ካንዱ መማሩም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1780 ሮበርት ራይክስ የተባለ የጋዜጣ ባለቤት በእንግሊዝ ግሎስተር ከተማ፣ ሌላውን ቀን ሥራ ላይ ለሚውሉ ድሃ ልጆች የእሑድ ትምህርት አስጀመረ። ከ3 ዓመት በኋላ ስለ ሥራው በጋዜጣው ሲጽፍ ሌሎች ከተሞችም አይተው ተከተሉት። በግብፅም ሐቢብ ጊርጊስ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በኮፕት ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ቤትን እንቅስቃሴ መሩ። ኋላ ፓትርያርክ የሆኑት ሣልሳዊ ሺኖዳ በወጣትነታቸው እዚያው ያስተምሩ ነበር።

ታዲያ ስትሄዱ ምን ትመለከታላችሁ?

1. ርክክቡን። ልጅ ማን ያመጣል፣ ማን ይወስዳል፣ በምን ይታወቃል?

2. የአስተማሪውን ቁጥር። ጥሩ አሠራር ያላቸው ቦታዎች አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከልጆች ጋር በሩን ዘግቶ እንዲቀመጥ አይፈቅዱም። ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይኖራል። ይሄ ልጁንም ይጠብቃል፣ አስተማሪውንም ከሐሜት ያድናል።

3. የዕድሜ ክፍፍሉን። የ4 ዓመቱ እና የ11 ዓመቱ አብረው ሲቀመጡ አንደኛው አይገባውም፣ ሌላኛው ይሰለቸዋል። ክፍል ከሌለ ሰዓት መክፈል ይቻላል።

4. ቅጣቱን። አለንጋ ይዞ የሚያስተምር ካለ አትቅዱት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትም ሆነ በሌሎች የሕፃናት መንከባከቢያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

5. የአስተማሪዎቹን ድካም። በየሳምንቱ ልጅ የምትጠብቅ ወጣት ራሷ ስብከት የምትሰማው መቼ ነው? ተራ የሌለው ቦታ አስተማሪ ቶሎ ይሰለቻል፣ ከዚያ ይጠፋል።

አካሄዱም ወግ አለው። አስቀድማችሁ ደውላችሁ አስፈቅዱ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል። ልጆቹ ሳይመጡ ድረሱ፣ የመጨረሻው ልጅ ሳይወጣ አትመለሱ። ልጆቹን ፎቶ አታንሱ። ሲያልቅ ደግሞ "ምን ሞክራችሁ አልሠራላችሁም?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ መልስ ውስጥ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ትልቅ አጥቢያ ሄዳችሁ ቴሌቪዥኑን እና የቀለም ወንበሩን አይታችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትመለሱ። ያ የገንዘብ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፣ 3 ወር ሞክሩት፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው እለፉ።

"የእነሱ ትምህርት ከእኛ ይለያል" የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሊለይ ይችላል። ትምህርታችሁን የራሳችሁ አድርጉት። በር ላይ ቆሞ ልጅን ለወላጁ በትክክል ማስረከብ ግን የየትኛውም ቤተ እምነት ልዩነት አይደለም።

ያቺ እናት ልጇን አግኝታለች። የሚቀጥለው እሑድ ግን ሩቅ አይደለም፤ ለመጀመር አንድ ካርቶን፣ አንድ እስክሪብቶ እና አንድ ስልክ ይበቃል።