ድርጅት ከባለቤቱ በኋላ እንዲኖር፤ ስለ ሥራ አመራርና ስለ መሥሪያ ቤት ልማድ

በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ መንገድ ላይ ትይዩ የቆሙ ሁለት ሱቆችን በሐሳባችን እንመልከት። ሁለቱም ሸቀጣቸውን የሚያመጡት ከአዲስ አበባ ነው፤ የሁለቱም ጭነት የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፥ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደርሳል። ኪራዩም፥ ግብሩም፥ ደንበኛውም ተመሳሳይ ነው። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንደኛው ቅርንጫፍ ሲከፍት ሁለተኛው በሩን ዘግቶ ይገኛል። ምክንያቱን ብንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ የገንዘብ ማነስ፥ የገበያ መቀዝቀዝ፥ ወይም የዕድል ነገር ነው። እነዚህ ሁሉ እውነትነት አላቸው፤ ይሁን እንጂ ለሁለቱም እኩል የደረሰ ችግር አንዱን ጥሎ ሌላውን ሊያቆም አይችልም። ልዩነቱ መፈለግ ያለበት ከሱቁ ውስጥ፥ ይኸውም ባለቤቱ ሥራውን በሚመራበት ጠባይና ሠራተኞቹ አብረው በሚሠሩበት ልማድ ነው።

አንድ የእህል ነጋዴ በምሳሌ እንውሰድ። ሰውየው ትጉህና ታማኝ ነው፤ ማኛውን ከሰርገኛው፥ ደረቁን ከእርጥቡ በመዳፉ ዘግኖ ይለያል። የመጋዘኑም የካዝናውም ቁልፍ ከወገቡ አይለይም። የትኛው ገበሬ ቀብድ እንደ ወሰደ፥ የትኛው ቸርቻሪ የዱቤ ዕዳ እንዳለበት፥ የአዲስ አበባው ተረካቢ በስንት ዋጋ እንደ ተስማማ በአእምሮው እንጂ በመዝገብ ላይ አይገኝም። ከእርሱ ጋር አሥር ዓመት የቆየው ረዳት ከመሸከምና ከመመዘን በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ይህ ነጋዴ አዲስ እህል በሚገባበት በጥር ወር ለሦስት ሳምንት ቢታመም፥ ሥራው ሁሉ ከእርሱ ጋር አልጋ ላይ ይተኛል። የሞተ እንደ ሆነ ደግሞ ልጆቹ የሚወርሱት መጋዘኑንና ቁልፉን ነው እንጂ ንግዱን አይደለም፤ ንግዱ በአባታቸው አእምሮ ውስጥ ነበረና አብሮ ተቀብሯል።

ይህ ነገር የትናንሽ ነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን፥ ከአገራችን ታላላቅ ድርጅቶች የአንዱን፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድን፥ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። አየር መንገዱ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ሥራውን የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ አምስት ዳግላስ አይሮፕላኖች ነበር። ሙያውን የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን በዚያን ጊዜ እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩ፥ ድርጅቱን የሚመሩትና አይሮፕላኖቹን የሚያበሩት ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ።

ለነጋዴዎቻችን ዋናው ትምህርት ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የታደሰው ውል፥ የድርጅቱ ሥራ በመጨረሻ በኢትዮጵያውያን እጅ እንዲሆን በግልጽ ዓላማ አደረገ። ስለዚህ መሪዎቹ የተቀጠሩት ለመምራት ብቻ ሳይሆን የሚተኳቸውን ሰዎች ለማሠልጠንም ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆኑ፤ በ1964 የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ተቋቋመ፤ በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ከመጀመሪያው በረራ እስከዚህ ሹመት 25 ዓመታት ወስዷል። ሥልጣኑ በአንድ ቀን የተወረወረ አይደለም፤ ነገር ግን ከዓመት ወደ ዓመት አንዱ ቁልፍ ከሌላው በኋላ እየተላለፈ ሄደ።

የዚህ አሠራር ፍሬ የታየው በክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975፥ አገሪቱ በአብዮት ውስጥ ሳለች፥ ከአሜሪካው ኩባንያ ጋር የነበረው ግንኙነት ሲያበቃ ዕውቀቱ አብሮ አልሄደም። ቀጥለው የመጡት ዓመታት ለአየር መንገዱ አስቸጋሪ ነበሩ፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1980 የተሾሙት ካፒቴን መሐመድ አህመድ ድርጅቱ በንግድ ሥርዓት እንዲመራ አደረጉ፤ በ1984ም፥ መንግሥቱ የሶሻሊስት መንግሥት ሆኖ ሳለ፥ አየር መንገዱ ለሥራው የሚስማማውን መርጦ የአሜሪካ ቦይንግ 767 አይሮፕላኖችን ተረከበ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ በሽታ ምክንያት መንገደኛ በጠፋ ጊዜ ደግሞ፥ የራሱ ባለሙያዎች ከመንገደኛ አይሮፕላኖች ላይ ወንበሮችን እያነሡ ጭነት ጫኑባቸው። በዚያ ዓመት ድርጅቱን ይመሩ የነበሩት አቶ ተወልደ ገብረ ማርያምና በ2022 የተተኩት አቶ መስፍን ጣሰው፥ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1984 በታናሽ የሥራ ደረጃ የተቀጠሩና በዚያው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ለአየር መንገዱ ዕድገት ሌላም ብዙ ምክንያት አለ፤ ነገር ግን ተተኪ ሰው ባያዘጋጅ ኖሮ ሌላው ሁሉ ባልረዳው ነበር።

ዕውቀትን ማካፈል ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሠራተኛው ያየውን ያለ ፍርሃት መናገር መቻል አለበት። ይህንም የአየር ጉዞ ሙያ በብዙ ሰው ሞት ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 ከስፔን ደሴቶች አንዷ በሆነችው በቴኔሪፍ፥ ሁለት ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ በመንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ለመነሣት የተንደረደረው አይሮፕላን ካፒቴን በኩባንያው ውስጥ እጅግ የተከበረ ሰው ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አይሮፕላን ገና ከመንገዱ ያልወጣ ስለ መሰለው ጠየቀ፤ ካፒቴኑ ወጥቷል ብሎ መለሰና ጉዞውን ቀጠለ፤ መሐንዲሱም ደግሞ አልተከራከረም። ከዚህና ይህን ከመሳሰሉት አደጋዎች በኋላ አየር መንገዶች ታናሹ ያየውን አደጋ ደፍሮ እንዲናገር፥ ታላቁም ሳይቆጣ እንዲሰማ በትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ።

በእኛም ዘንድ ታላቅን ማክበር መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን አክብሮት ወደ ዝምታ የተለወጠ እንደ ሆነ ንግድን ይጎዳል። በሐምሌ ዝናም የመጋዘኑ ጣራ በአንድ በኩል ያፈሳል እንበል። የቀን ሠራተኛው ሦስት ጆንያ ስንዴ መራሱን በጠዋት አይቷል፤ ነገር ግን ባለፈው ጊዜ ስለ ተቀደደ ጆንያ በተናገረ ጊዜ ተሰድቦ፥ ዋጋውም ከደመወዙ ተቆርጦበታል። ስለዚህ ዝም ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ሻጋታው ወደ ሌላው ክምር ይደርሳል፤ ሦስት ጆንያ የነበረው ጉዳት ሠላሳ ይሆናል። እንግዲህ ይህን እህል ያበላሸው ዝናሙ ብቻ ነውን? የባለቤቱ ቁጣም የራሱ ድርሻ አለው።

ሥርዓት ያለው ሥራ ከውጭ የመጣ ነገር ነው የሚል ቢኖር እቁቡን ይመልከት። እቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ገንዘቡ በሁሉ ፊት ይቈጠራል፤ ዕጣው በሁሉ ፊት ይወጣል፤ ዕጣ የደረሰውም ሰው፥ ባለጸጋም ቢሆን፥ ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አያነሣም። ዳኛው ቢታመም እቁቡ አይፈርስም፤ ደንቡን አባላቱ ሁሉ ያውቁታልና። እሑድ ከሰዓት በኋላ በእቁብ ላይ ይህን ሥርዓት የሚያከብር ነጋዴ፥ ሰኞ ጠዋት በሱቁ ውስጥ ስለ ምን ይረሳዋል?

እንግዲህ ማንኛውም ነጋዴ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ሊጀምራቸው የሚችሉ አምስት ነገሮች አሉ።

1ኛ፤ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ተግባርና ሥልጣን በጽሑፍ ይወሰን። ረዳቱ ከዋጋ ላይ እስከ ስንት ብር ሊቀንስ፥ ለማንስ ዱቤ ሊሰጥ እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ።

2ኛ፤ ዱቤ፥ ቀብድና የስምምነት ዋጋ በዕለቱ በመዝገብ ይስፈሩ። መዝገቡንም ከባለቤቱ ሌላ አንድ ሰው ሊያነበው ይገባል።

3ኛ፤ የዓመት ዕረፍት በእርግጥ ይሰጥ። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቅዷል። ይህ ለሠራተኛው መብት ሲሆን ለባለቤቱም ጥበቃ ነው፤ ገንዘብ ያዡ በዕረፍት ላይ ሳለ ሌላ ሰው በቦታው ሲሠራ የተሰወረ ጉድለት ይገለጣልና።

4ኛ፤ ስሕተቱን ፈጥኖ የተናገረ አይቀጣ፤ የሸሸገው ግን ይጠየቅ። ሁለቱ በአንድነት ከተቀጡ ሁሉም መሸሸግን ይመርጣል።

5ኛ፤ ልጅም ሆነ ዘመድ በዚያው ደንብ ይሥራ። ያለ ደረሰኝ ከካዝና ገንዘብ የሚያወጣ ልጅ ባለበት ሱቅ፥ ሌላውን ሠራተኛ ስለ ታማኝነት መምከር ከንቱ ነው።

ሕጉም በዚህ መንገድ ይረዳል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 1243፥ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊያቋቁም እንደሚችል ፈቅዷል፤ በዚህም የግል ኪሱን ከድርጅቱ ሀብት ሊለይ ይችላል። ነገር ግን አዋጅ ገንዘብን ይለያል እንጂ ዕውቀትን አያካፍልም፤ ያ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ነጋዴዎች የሚያነሡት ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። «ረዳቴ ሥራውን ከተማረ በኋላ ጥሎኝ ይሄዳል፤ ከፊት ለፊቴም ሱቅ ይከፍታል» ይላሉ። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም። አየር መንገዱም ካሠለጠናቸው አብራሪዎች ብዙዎቹን የባሕረ ሰላጤ አገሮች ኩባንያዎች ወስደውበታል፤ ሆኖም ማሠልጠኛውን አልዘጋም። እንዲያውም ከሄዱት አንዱ፥ በገልፍ አየር መንገድ የሠሩት አቶ ግርማ ዋቄ፥ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመልሰው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። የሚሄድ ይሄዳል፤ ነገር ግን የተማረ ሰው ከትርፉ ጥቂት ድርሻ ቢያገኝና ቢከበር የሚቆይበት ምክንያት ይኖረዋል። ሳይማር የቀረው ረዳት ደግሞ ባይሄድም፥ በየዓመቱ የሚያስከፍለው ኪሣራ በመዝገብ አይታይ ይሆናል እንጂ አይቀርም።

አባቶቻችን ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ብለዋል። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ነጋዴ ነገሩን በራሱ ሱቅ ሊፈትነው ይችላል፤ ለአንድ የገበያ ቀን ቁልፉን ለረዳቱ ሰጥቶ ከቤቱ ይዋል። በማግሥቱም ከረዳቱ ጋር ተቀምጦ መዝገቡን ይመርምር። ጎድሎ ያገኘው ነገር ካለ፥ ከመቆጣቱ በፊት ያንን ነገር ለረዳቱ አስተምሮት ያውቅ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።