የጫሞው ናይል ፐርች

የባሕር በር በሌላት ኢትዮጵያ፣ በዓለም ገበያ እጅግ ተፈላጊ የሆነው ሽሪምፕ፣ ማለትም ባለ አሥር እግሩ ቅርፊታም የውኃ እንስሳ፣ ከትልልቅ ሆቴሎች ውጭ ብዙም የማይታወቅ እንግዳ ሲሆን፣ በአርባ ምንጭ ገበታ ያን ክብር የያዘው ከጫሞ ሐይቅ የሚወጣው ናይል ፐርች ነው። ሥጋው ነጭና ወፍራም፣ አጥንቱም በቀላሉ የሚለይ በመሆኑ ለጉላሽ፣ ለጥብስና ለኮተሌት ይመረጣል፤ በጋሞዎቹ ዳጣ ሲበላ ደግሞ ሽሪምፕን የሚያስናፍቅ አይደለም።

ጫሞ ዛሬ ከናይል ጋር ባይገናኝም፣ ዓሣው በውስጡ መገኘቱ የስምጥ ሸለቆው ውኃዎች በጥንት ዘመን በቱርካና በኩል ከዚያ ወንዝ ጋር ይገናኙ እንደነበር ከሚጠቁሙት ማስረጃዎች አንዱ ነው። ጫጩቱ በመጀመሪያ ዙፕላንክተን የተባሉትን ደቃቃ ተንሳፋፊ እንስሳት፣ ቀጥሎም የነፍሳት እጮችን እየተመገበ ያድግና፣ ሲጎለምስ የራሱን ዘር ሳይቀር ዓሣ የሚውጥ፣ እስከ 200 ኪሎ ግራም ሊመዝን የሚችል አዳኝ ይሆናል። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሰው እጅ በገባበት በቪክቶሪያ ሐይቅ ትንንሾቹን ዓሦች ካመናመነ በኋላ ዋና ቀለቡ የጨው አልባ ውኃ ሽሪምፕ ሆኖ ነበር።

በቪክቶሪያ ሌሎችን ያጠፋው ይህ ዓሣ በጫሞ ግን ራሱ ተመናምኗል፤ ስለ ዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ዓይነ ጠባብ መረብ ገና ያልረቡትን ዓሦች ጠርጎ ያወጣል።