የራስን ሙዚቃ አጫዋች ቦት በሊኑክስ ላይ መትከል

እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2021 ግሩቪ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን ደግሞ ሪትም የተባሉት የዲስኮርድ ሙዚቃ አጫዋቾች ሥራቸውን አቆሙ። ዘፈኖችን ከዩቲዩብ እየወሰዱ ያሰሙ ስለነበር ዩቲዩብ እንዲያቆሙ በጽሑፍ አስጠንቅቋቸው ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የመወያያ ቡድኖች ያለ ሙዚቃ ቀሩ። ታዲያ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ ብናሠራውስ?

ቦት ምንድን ነው?

ቦት በመወያያ መድረክ ውስጥ እንደ ማንኛውም አባል የሚገባ፣ ነገር ግን በሰው ፈንታ በፕሮግራም የሚንቀሳቀስ ተሳታፊ ነው። ትእዛዝ ሲሰጠው የሙዚቃውን ፋይል ያነባል፤ ድምፁንም አምቆ ወደ መድረኩ ይልካል።

ከሞገድ ወደ ቁጥር

የሰው ጆሮ የሚሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው። አንድን ሞገድ ሳይዛባ መልሶ ለመገንባት ከከፍተኛ ድግግሞሹ እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ዲስኮርድ የሚጠቀምበት ኦፐስ የተሰኘው የድምፅ እመቃ ዘዴ የሚሠራው በሴኮንድ 48,000 ናሙና ነው። እያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት ቢይዝ፣ ድምፁም የግራና የቀኝ መሥመር ቢኖረው፣ 48,000 × 16 × 2 = 1,536,000 ቢት በሴኮንድ እናገኛለን። ኦፐስ ይህን ወደ 64,000 ቢት ሲያወርደው መጠኑ 24 ጊዜ ያንሳል። የሚወገደው በአብዛኛው ጆሮ ልብ የማይለው ዝርዝር ነው።

ድምፁ በ20 ሚሊሴኮንድ ቁራጭ እየተከፈለ በሴኮንድ 50 ጥቅል ይላካል፤ እያንዳንዱ ጥቅል 160 ባይት ድምፅ ይይዛል። የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 28.8 ሜጋባይት ገደማ ነው ማለት ነው። ለአድማጮች የሚያባዛው የዲስኮርድ ሰርቨር ስለሆነ፣ አድማጩ አንድም ይሁን ሃምሳ ከእኛ ኮምፒዩተር የሚወጣው መጠን አይለወጥም።

አተካከሉ

በመጀመሪያ ቦቱ በዲስኮርድ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ገጽ ላይ ተመዝግቦ ቶከን የተባለ ምስጢራዊ ቁልፍ ይቀበላል፤ ከዚያም ወደ ቡድኑ ይጋበዛል። ቀጥሎ በሊኑክስ ላይ ሥልጣኑ ውሱን የሆነ የተለየ ተጠቃሚ ይፈጠራል። ቦቱን በሩት ሥልጣን ማሠራት አይገባም፤ በፕሮግራሙ ቀዳዳ ሾልኮ የገባ ሰው ኮምፒዩተሩን በሙሉ ይቆጣጠራልና። በሦስተኛ ደረጃ፣ በዴብያን ወይም በኡቡንቱ ላይ በአፕት አማካይነት ኤፍኤፍኤምፔግና ቦቱ የተጻፈበት ቋንቋ፣ ለምሳሌ ፓይተን ወይም ጃቫ፣ ይጫናሉ። ቶከኑ በተለየ ፋይል ተጽፎ የፋይሉ ፈቃድ 600 ይደረጋል፤ ይኸውም ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው ነው። ቶከኑን ያገኘ ሁሉ በቦቱ ስም መናገር ይችላል። በመጨረሻም ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ቦቱም አብሮ እንዲነሣ በሲስተምዲ ሥር እንደ አገልግሎት ይመዘገባል።

ባለቤትነትና ወሰኑ

ቦቱን በቤታችን ማኖራችን የቅጂ መብትን አይሽርም። ግሩቪን ያዘጋው ጉዳይ የእኛንም ቦት ይመለከታል፤ ስለዚህ የራሳችንን ቅጂዎች ወይም ባለቤቶቻቸው የፈቀዷቸውን ሥራዎች ማጫወት ይገባል። መድረኩም ቢሆን የዲስኮርድ እንጂ የእኛ አይደለም። ሰርቨሩንም የራሱ ለማድረግ የሚሻ፣ ኦፐስን የሚጠቀመውንና ምንጩ ክፍት የሆነውን መምብል መሞከር ይችላል።

ለአንባብያን አንድ ጥያቄ እንተው፦ ፍጥነቱ ወደ 96,000 ቢት በሴኮንድ ቢያድግ በእያንዳንዱ ጥቅል ስንት ባይት ድምፅ ይኖራል?