ማንደጃ የሚመረጠው በበሩ ነው

ክረምት ገብቶ የበቆሎ እሸት ሲደርስ አዲስ አበባ ውስጥ አስፋልት ዳር የሚደረደሩትን ማንደጃዎች ስንቶቻችን ልብ ብለን አይተናል? በቆሎውን እናገላብጣለን፣ «ለጋው የቱ ነው?» እንላለን፣ ዋጋ እንከራከራለን፣ ትኩሱን በቅጠሉ ይዘን እንሄዳለን። ማንደጃዋን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እኔ ግን ከቤት ውጭ ስለሚጠበስበት እሳት የማውቀውን ዋናውን ነገር የተማርኩት ከአንዲት በቆሎ ጠባሽ ነው። አንድ ቀን ማታ ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ፍሟ ደበዘዘ። ከሰል አልጨመረችም፣ ማራገቢያም አላነሳችም። ማንደጃዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ አዞረቻትና ተመልሳ ተቀመጠች። ከደቂቃ በኋላ ፍሙ ቀላ። ምን እንዳደረገች ስጠይቃት፣ «አፏን ለነፋስ ሰጠኋት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆቼ ለላንጋኖ ወይም ለወንጪ ጉዞ ሲዘጋጁ «የቱን ግሪል እንግዛ?» ብለው የስልክ ፎቶ ሲያሳዩኝ መልሴ አንድ ነው፤ «በሩን አሳዩኝ» እላለሁ፣ አየር የሚገባበትን ያን አፍ። የሚያሳዩኝ የሚታጠፍ እግሩን፣ የሚያብረቀርቅ ክዳኑን፣ ክዳኑ ላይ የተሰካውን የሙቀት መለኪያ ነው። በሩን ማንም ፎቶ አላነሳውም።

ሌላውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። መኪና ኋላ የሚገባ፣ አንድ ሰው የሚሸከመው፣ እግሩ የማይወላገድ፣ ፍርግርጉ ሥጋ ሲጫንበት የማይጎብጥ ይሁን። የጋዝ ከሆነ፣ የጋዝ ጣሳው በምትሄዱበት ቦታ መገኘቱን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ አውሮፕላን አይጭነውም። ጣሳው ውስጥ ያለው ቡቴን ብቻ ከሆነ ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም የስሜን ተራሮች ሌሊት ላይ ያሳፍራችኋል። ይኸው ነው። አሁን ወደ በሩ።

ከሰል ማለት አየር ተነፍጎት የከሰለ እንጨት ነው። አክሳዩ እንጨቱን ከምሮ በአፈር ይደፍነዋል፤ ውኃውና ጭሱ ይወጣል፣ የሚቀረው በአብዛኛው ካርቦን ነው። ስለዚህ ከሰል ሲነድ ብዙ ነበልባል አይጠበቅም፤ ሙቀቱ የሚወለደው አየር የፍሙን ገላ በሚነካበት ቦታ ነው። አየር ሲበዛ ይቀላል፣ ሲያንስ ይደበዝዛል። እንግዲህ ማንደጃን ከሰል ማስቀመጫ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። አየር ከታች ገብቶ በፍሙ መሃል አልፎ ወደ ላይ የሚወጣበት መተላለፊያ ነው፤ ከሰሉ መንገዱ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ነው።

በዚህ ዓይን ስታዩት የአገራችን የከሰል ማንደጃ፣ በተለይ «ላቀች» የምንላት፣ ከስሟ አታንስም። ከላይ ሰፋ፣ ወገቧ ጠበብ ያለ የቆርቆሮ ልብስ፣ ውስጧ ሸክላ፣ ከሸክላው ግርጌ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ወለል፣ ከዚያ በታች ትንሽ በር። የኬንያው የሸክላ ጂኮ ዘመድ ናት። ሸክላው ሙቀቱን ወደ ጎን እንዳይበተን ይይዘዋል፤ ከተራው የብረት ማንደጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል እንደምትቆጥብ ይነገርላታል። ወንፊቱ አመዱን ወደ ታች ይጥላል፣ በሯ አየሩን ታስገባለች፣ አመዱም በዚያው ይወጣል። ከውጭ የሚመጣው ውድ ግሪል የሚያደርገው ከዚህ የተለየ ነገር የለም። ፍርግርግ የላትም እንዳትሉኝ፤ አንድ የሽቦ ፍርግርግ ግዙላት። ለአራት ሰው ጥብስ፣ ለጀበና፣ ለማለዳ ገንፎ ከዚህ የተሻለ የጉዞ ዕቃ አላውቅም። ማንም የማይንቃት ብትሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ስትገዙ፣ የአገር ውስጥም ሆነ የውጭ፣ ሱቁ ውስጥ አንድ ነገር አድርጉ። በሩን ዝጉና ማንደጃውን ወደ ብርሃን አንሱት። በማይገባ ቦታ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ አየርም ያሳልፋል፤ እሳቱን እናንተ አታዙትም። ቀጥሎ በሩን ከፍታችሁ ጣታችሁን አስገቡ። በበሩና በወንፊቱ መካከል ጣት የሚያዞር ባዶ ቦታ ከሌለ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አመዱ ወንፊቱን ይደፍነዋል። ሻጩ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ይገረም።

አሁን ወደ ሆዴ ጉዳይ ልግባ። የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሲመጣ በሻንጣው አንዲት ክብ፣ ባለክዳን ግሪል ይዞ መጣና ላንጋኖ ወረድን። ከሰሉን ራሱ አቀጣጠለ፣ ሥጋውን ደረደረ፣ ክዳኑን ገጠመ። ከዚያ ከታችም ከላይም ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ዘጋቸው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ሙቀቱ እንዳያመልጥ ነዋ!»

ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ክዳኑ ሲነሳ ሥጋው ገርጥቶ፣ ከሰሉ ጠቁሮ ተገኘ። እናቱ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ሆነው ሁሉን ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ አዳፈንከው እኮ!» አሉት።

አንዲት ቃል ሁሉን ነገር ተናገረች። ማዳፈን የእናቶቻችን ጥበብ ነው። ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ማታ ፍሙን ሰብስበው አመድ ያለብሱታል፤ አየር ሲያጣ አይነድም፣ ግን አይሞትም። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው ጭራሮ ቢያስጠጉበት ይነሳል። ጎረቤት እሳት ሊጭር የሚመጣውም ከዚያ ነው። ቂም የያዘን ሰው «የተዳፈነ እሳት» የምንለው ያለ ነገር አይደለም። እንግዲህ ክዳን ያለው ግሪል ገዝቶ ቀዳዳውን ሁሉ የሚዘጋ ሰው ሊጠብስ ፈልጎ እያዳፈነ ነው። ስህተቱ ከድስት የመጣ ይመስለኛል። ድስት ሲከደን ሙቀት ይይዛል፤ እሳት ሲከደን ግን ትንፋሽ ያጣል። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ግሪሉን ይሰድባል፣ ከሰሉን ይሰድባል፣ በመጨረሻም ሻጩን ይሰድባል።

ክዳን ክፉ ነው አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ1952 ቺካጎ አካባቢ ዌበር ብራዘርስ በሚባል የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆርጅ እስቲቨን፣ ፋብሪካው ከሚሠራው ውኃ ላይ ተንሳፋፊ የብረት ምልክት አንዱን ለሁለት ከፍሎ ታችኛውን ማንደጃ፣ ላይኛውን ክዳን አደረገው። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ክቡ ግሪል ከዚያ ወጣ። ብልሃቱ ክዳኑ ብቻ አልነበረም፤ አየሩ ከታች ገብቶ በክዳኑ ቀዳዳ እንዲወጣ መደረጉ ነው። የታችኛው ቀዳዳ የእሳቱን ጉልበት ያዛል፣ የላይኛው ጭሱንና የአየሩን ጉዞ ያዛል። የላይኛውን እየጠበስን ጨርሶ አንዘጋውም። ሁለቱን አንድ ላይ የምንዘጋው ጥብሱ አልቆ ከሰሉን ለሌላ ቀን ማትረፍ ስንፈልግ ነው። ያን ጊዜ ማዳፈን ጥሩ ነው።

ከፍታም አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስሜን ተራሮች ውስጥ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ጨነቅ የድንኳን ሰፈር ስትደርሱ ሁለት ሦስተኛውም አይሞላም። እኛ እዚያ ዳገት ስንወጣ እንደምናለከልክ እሳቱም ያለከልካል። ስለዚህ ለቆላ ሐይቅ ዳር ጠባብ በር ይበቃል፤ ለደጋ ግን ሰፊ በር ያለው ማንደጃ ይዛችሁ ውጡ፣ ለመቀጣጠልም ተጨማሪ ጊዜ ስጡት። ውኃውም ከ90 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ሽሮው ቢዘገይ ማንደጃውን አትውቀሱ። ፓርክ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ እሳት ከመጫራችሁ በፊት አብሯችሁ ያለውን የፓርክ ጠባቂ ጠይቁት፤ ከመሬት እንጨት አትልቀሙ።

ከሰሉን በተመለከተ፣ ለዓመታት ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በአብዛኛው ከስምጥ ሸለቆ ግራር የከሰለ ነበር፤ ጠንካራ ነው፣ ይቆያል፣ ግን እያንዳንዱ ጆንያ ሸለቆውን አራቁቶታል። ዛሬ ከአዊ የሚመጣ ከሰል አለ። በእንጅባራ ዙሪያና በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በማሳው ላይ ተክሎ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ሲያከስለው፣ ከዚያም መልሶ ሲተክል ቆይቷል። ሻጩን «ከየት የመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፌስታል ወይም የጫማ ሶል ከሥሩ አድርጋችሁ የምታቀጣጥሉትን ግን ምን ልበላችሁ? ያ ጭስ ሥጋው ላይ ያርፋል። ላምባ የምታፈሱትም እንዲሁ። ጭራሮ ምን በደላችሁ?

ደግሞ ጠብቁ። ከሰሉ ጥቁር ሳለ ሥጋ የሚጥል ሰው ረሃብ እንጂ ችሎታ አይጠብስለትም። ፍሙ ዙሪያውን ስስ ነጭ አመድ ሲለብስ ያን ጊዜ ነው ሰዓቱ። ፍሙን በአንድ በኩል ሰብስቡት፤ ስቡ ተንጠባጥቦ ነበልባል ሲነሳ ሥጋው የሚሸሽበት ቦታ ይኖረዋል።

ያው ነጭ አመድ ግን ሰው ያታልላል፤ ሳልናገረው የማላልፈው ይህን ነው። «አሁንማ ጭሱ አልቋል፣ ነዶ አበቃ፣ ሙቀቱ አያምልጠን» ተብሎ ማንደጃው ወደ ድንኳን ይገባል። ቅድም የተናገርኩትን አስታውሱ፤ አየር ያነሰው ከሰል አይሞትም። በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ደግሞ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። የተኛ ሰው ራስ ምታቱ የድካም ይመስለዋል፣ ወይም ጨርሶ አይሰማውም። ጭስ ስለሌለው ደኅና ነው ማለት ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው፤ ጭስ ያለው እሳት ቢያንስ ያስለናል፣ ያስነሳናል።

አንዳንዱ «አያቶቻችን ጎጆ ውስጥ ፍም አዳፍነው ያድሩ አልነበር?» ይለኛል። ያድሩ ነበር። የሣር ክዳን ግን አየር ያሳልፋል፤ የናይለን ድንኳን፣ በተለይ ዝናብ መከላከያው ተወጥሮ ዚፑ ሲዘጋ፣ አያሳልፍም። ከተማ ውስጥ በጭቃና በብሎኬት ቤትም በብርድ ወራት በከሰል የታፈኑ ሰዎች ወሬ በየዓመቱ እንሰማለን። ድንኳን ከዚያ ጠባብ ነው። ዚፑን በከፊል ከፍቼዋለሁ ማለትም አያድንም። የድንኳን በረንዳም ድንኳን ነው። ሌሊቱ ከበረደ ብርድ ልብስ ጨምሩ፣ ወይም ውኃ አፍልታችሁ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሳይሆን በብረት ኮዳ አድርጋችሁ እቀፉ።

ሌላው ስህተት ፍሙን በአሸዋ መቅበር ነው። ላንጋኖ ዳር ሰው ጨርሶ ሲሄድ ፍሙን አሸዋ ያለብሰዋል፤ አጠፋሁት ይላል። አዳፈነው እንጂ አላጠፋውም። በማግስቱ ጠዋት በባዶ እግሩ ሲሮጥ ፍሙን የረገጠ ልጅ ውስጥ እግሩን በቀዝቃዛ ውኃ ስናጥብ ቆይተናል፤ ወላጆቹ ማን እንደቀበረው እስከ ዛሬ አያውቁም። ውኃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አገላብጡት፣ እንደገና አፍስሱበት፣ በእጃችሁ ጀርባ ከላዩ ሙቀቱን ለኩ። ሸክላ ማንደጃ ላይ ግን ቀዝቃዛ ውኃ አትድፉ፤ ይሰነጠቃል። ፍሙን መጀመሪያ መሬት ላይ ዘርግፉት።

እኔ የምይዘው ይህ ነው፤ አንዲት ትንሽ ላቀች፣ የሽቦ ፍርግርግ፣ አንድ እፍኝ ጭራሮ፣ መቆንጠጫ፣ ለማጥፊያ ብቻ የተለየ አምስት ሊትር ውኃ። የውጭ ግሪል ያላችሁም ያው ነው፣ ቀዳዳዎቹን ብቻ እወቋቸው። ማታ ድንኳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ «ማንደጃው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ውጭ ነው» ቢሏችሁም ወጣ ብላችሁ እዩት።