«ልክ»፣ «መጠን» እና «ቁጥር» በሰመመን ሕክምና ጽሑፎች

የሰመመን ሕክምናን የሚመለከት ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚውን የሚያስቸግረው የመሣሪያዎቹ ስም ብቻ አይደለም። ስሙስ በውሰትም ሆነ በገለጻ መፍትሔ ያገኛል። የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የመሣሪያውን ትልቅነትና ትንሽነት የሚገልጸው ቃል ነው። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚያልፈውን አማርኛ ልክ፣ መጠን፣ ቁጥር እያለ ይለየዋል።

ልዩነቱ ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። በታች ጋይንት፣ በአርብ ገበያ፣ ልብስ ሰፊ ከደንበኛው ትከሻና ወገብ ልክ ይወስዳል፤ ጫማ ሻጭ ግን ቁጥር ይጠይቃል። ልክ ከሰውየው አካል የሚገኝ፣ ቁጥር በዕቃው ላይ የተጻፈ ነው። መጠን ደግሞ በሕክምና ቋንቋ ለመድኃኒት ጸንቷል፤ «የማደንዘዣው መጠን» ባለበት ገጽ «የቱቦው መጠን» ብሎ መጨመር አንባቢን ማደናገር ነው።

ጉዳዩ የአጻጻፍ ውበት ብቻ አለመሆኑን ከመሣሪያዎቹ አሠራር እንረዳለን። ሰመመን የተሰጠው ሰው ጡንቻው ስለሚላላ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ትንፋሹን ሊዘጋ ይችላል። አሜሪካዊው አርተር ጉዴል እ.ኤ.አ. በ1933 ያስተዋወቀው የአፍ መሣሪያ ምላስን ከጉሮሮ ግድግዳ አርቆ ይይዛል። ባለሙያው መሣሪያውን በበሽተኛው ጉንጭ ላይ አስጠግቶ ከከንፈር ጥግ እስከ መንጋጋ ማእዘን ይለካዋል። ቢያጥር ምላሱን ራሱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ቢረዝም የማንቁርትን ክዳን ተጭኖ መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል። ይህ ያለ ጥርጥር የልብስ ሰፊው «ልክ» ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም አርቺ ብሬይን እ.ኤ.አ. በ1981 የፈለሰፈው የማንቁርት ጭምብል ግን የሚመረጠው በክብደት ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ጭምብል ቁጥር 3 ከ30 እስከ 50፣ ቁጥር 4 ከ50 እስከ 70፣ ቁጥር 5 ከ70 እስከ 100 ኪሎ ግራም ለሚመዝኑ ነው። ቁጥሩ የርዝመትም የስፋትም መለኪያ ሳይሆን እንደ ጫማው መለያ ነው።

ወደ አየር ቧንቧ በሚገባው ቱቦ ላይ የምናነበው ደግሞ የውስጥ ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ነው። በዙሪያው የሚነፋ ፊኛ ለሌለው የሕፃናት ቱቦ የሕፃኑን ዕድሜ በዓመት ለ4 አካፍሎ 4 መደመር የተለመደ ስሌት ነው፤ ለ4 ዓመት ሕፃን 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

እንግዲህ ተርጓሚው ለሁሉም «ቁጥር 4» ብሎ ቢጽፍ፣ የጭምብሉ 4 ለአዋቂ፣ የቱቦው 4 ዓመት ገደማ ለሆነው ሕፃን መሆኑ ይጠፋል። ስለዚህ «ቁጥር» ለጭምብሉ ይቆይ፤ ለቱቦው «የውስጥ ዲያሜትር» ተብሎ ሚሊ ሜትሩ ሁልጊዜ ይጻፍ፤ መሣሪያው ከበሽተኛው ጋር መስማማቱ «ልክ» ይባል፤ «መጠን» ለመድኃኒቱ ይተው እንላለን።

«ልክ» ትክክል ማለትም ስለሆነ ለሙያ ቃልነት አይመችም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል «ልክ ነው» ሲባል ለመሣሪያው ይሁን ለተነገረው ቃል ላይለይ ይችላል። በጽሑፍ ግን «ልኩ»፣ «በልኩ»፣ «ከልኩ በላይ» እያሉ በባለቤትነት ቅጥያ መጻፍ አሻሚነቱን ያስወግደዋል።