የመሪዎች ዘመንና የውሳኔዎች ዘመን፦ ከያሁ ታሪክ የምንማረው



በዛሬው ገለጻዬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ የኢንተርኔት ቴክኖሎጂ ኩባንያ ሲነሣ ተመስጋኙ፣ ሲወድቅስ ተወቃሹ ማን ነው? ልማዳችን በዚያ ወቅት ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ዋና ሥራ አስፈጻሚ መጥራት ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ውሳኔ ፍሬ የሚታይበት ዘመንና ውሳኔውን ያሳለፈው ሰው በኃላፊነት የሚቆይበት ዘመን እምብዛም አይገጣጠሙም። ይህን አለመገንዘብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በያሁ ታሪክ ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያሁን በ1994 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሁለት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ፣ ናቸው። ሥራቸው ድረ ገጾችን እንደ ቤተ መጻሕፍት ማውጫ በየርእሱ መደልደል ነበር። ኩባንያው ሲያድግ ዜናው፣ ኢሜይሉና የአክሲዮን ዋጋው በአንድ ገጽ ተሰባሰቡ። ተጠቃሚው እዚያው በቆየ ቁጥር ብዙ ማስታወቂያ ያያል፤ ስለዚህ ገቢው የሚመነጨው እንግዳን በቤት ከማቆየት ነበር።

በ2000 ያሁ በገጾቹ ላይ የፍለጋ አገልግሎት እንዲሰጥለት ከጉግል ጋር ተዋዋለ። ውሳኔው በጊዜው ምክንያት ነበረው። ፍለጋ እንግዳው የሚወጣበት በር እንጂ የሚቀመጥበት እልፍኝ ሆኖ አልታየምና። ነገር ግን ሰው የሚፈልገውን ቃል በጻፈበት ቅጽበት ምን ለመግዛት እንዳሰበ ይገልጣል፤ ከዚያ ቃል ጋር የሚታየው ማስታወቂያም በጨረታ ሲሸጥ ከፍተኛ ገቢ ያስገኛል። ያሁ ይህን ተረድቶ በ2003 ኢንክቶሚንና ኦቨርቸርን ገዛ፤ በ2004ም የጉግልን ፍለጋ በራሱ ተካ። እስከዚያ ድረስ ግን ጉግል በያሁ ገጽ ላይ ጭምር ስሙን አስተዋውቆ ነበር።

ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ መልስ ይጠብቅ ነበር፤ ያሁ የመገናኛ ብዙኃን ድርጅት ነው ወይስ የቴክኖሎጂ ኩባንያ? ስትራቴጂ ምን እንደምንሠራ ብቻ ሳይሆን ምን እንደምንተውም መወሰን ነው። በ2006 የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊ የነበሩት ብራድ ጋርሊንግሃውስ በውስጥ ማስታወሻቸው ያሁ ሀብቱን በዳቦ ላይ እንደተቀባ የኦቾሎኒ ቅቤ በየቦታው አሳስቶታል ሲሉ ተቹ። አበው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ባላው እንዲሸከም በጥልቀት መተከል አለበት። ያሁ ብዙ ባላዎችን አቁሞ አንዱንም በጥልቀት አልተከለም።

የዳይሬክተሮች ቦርዱ ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለገው በሰው ምርጫ ነው። በ2001 የተሾሙት ቴሪ ሴሜል ለብዙ ዓመታት ዋርነር ብራዘርስን የመሩ የፊልም ሰው ነበሩ። በ2007 መሥራቹ ያንግ ተተኩ። በ2009 ከአውቶዴስክ የመጡት፣ በአስተዳደር ጥብቅነታቸው የታወቁት ካሮል ባርትዝ ቀጠሉ፤ በ2011 መሰናበታቸው የተነገራቸው በስልክ ነበር። በ2012 መጀመሪያ ከፔይፓል የመጡት ስኮት ቶምፕሰን፣ በሕይወት ታሪካቸው ላይ የሰፈረው የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ትክክል ሆኖ ባለመገኘቱ፣ በወራት ውስጥ ለቀቁ። በሐምሌ 2012 ደግሞ ከጉግል ማሪሳ ማየር መጡ። ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ ሹመት የቀዳሚውን ጉድለት ለማረም የታሰበ ይመስላል። ሆኖም ሹመቱ ኩባንያው ምን መሆን እንዳለበት ለሚነሣው ጥያቄ መልስ አልሆነም። አዲሱ መሪ በቀድሞ ሙያው የለመደውን መፍትሔ ይዞ ይመጣል፤ መፍትሔው ሥር ሳይሰድ ሌላ መሪ ይተካል።

የታሪኩ እጅግ አስተማሪ ክፍል ግን ሌላ ነው። በነሐሴ 2005 ያሁ 1 ቢሊዮን ዶላርና የቻይና ቅርንጫፉን ሰጥቶ የአሊባባን 40 በመቶ ያህል ድርሻ ያዘ። ለዚህ ስምምነት ዋነኛ ገፊ የነበሩት ያንግ ናቸው። በየካቲት 2008 ማይክሮሶፍት ያሁን በ44.6 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲጠይቅ እምቢ ያሉትም እርሳቸው ነበሩ። ማይክሮሶፍት በግንቦት ጥያቄውን አነሣ፤ በባለአክሲዮኖች የተወቀሱት ያንግ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ከሥራ አስፈጻሚነት ወረዱ። በ2012 ከቦርዱም ለቀቁ። በዚያው ዓመት ያሁ ከአሊባባ ድርሻው ግማሽ ያህሉን ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ። አሊባባ በመስከረም 2014 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲገባም የያሁ ዋጋ አብዛኛው ከቀረው ድርሻ የሚመነጭ ሆኖ ነበር። በማየር ዘመን የአክሲዮኑ ዋጋ ከፍ ማለቱ በዋነኛነት ከእርሳቸው ሹመት ሰባት ዓመት በፊት የተዘራ ዘር ውጤት ነው። ዋናው የያሁ የኢንተርኔት ሥራ ግን በ2017 ለቬራይዘን በ4.48 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ታዲያ ያንግ ጥሩ መሪ ነበሩ ወይስ መጥፎ? ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ መልስ የለውም። አንዱ ውሳኔያቸው የባለአክሲዮኖችን ሀብት አበዛ፤ ሌላው ከፍተኛ ዋጋ አሳጣ ተብሎ ይወቀሳል። ሰውየው ግን አንድ ነው። ማይክሮሶፍትንም ብንመለከት፣ በ2014 በተሾሙት ሳትያ ናዴላ ዘመን የገነነው የአዙር አገልግሎት ለገበያ የቀረበው በ2010፣ በስቲቭ ባልመር ዘመን ነበር። የናዴላ ድርሻ የተጀመረውን ለይቶ የኩባንያው ማዕከል ማድረግ ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ትልቅ ውሳኔ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ነገ በቦርድ ወንበር ትቀመጣላችሁ፤ ሥራ አስኪያጅ ትቀጥራላችሁ፤ ታሰናብታላችሁም። ያን ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ ውጤት የማን ውሳኔ ፍሬ ነው? ይህ መሪ ምን መረጠ፣ ምንስ ተወ? የሚቀጥለውን ሰው ከመፈለጋችን በፊት ድርጅታችን ምን መሆን እንዳለበት ተስማምተናልን? የመጨረሻው ጥያቄ ሳይመለስ የሚደረግ ሹመት፣ ተሿሚው የቱንም ያህል አንቱ የተባለ ቢሆን፣ ችግሩን ለተተኪው ከማውረስ አያልፍም።