የቁፋሮ ጥበብ መምህር ይሻል

ማናቸውም ጥበብ ከመጽሐፍ የሚገኝ ክፍል አለው፤ ከመምህር አፍና እጅ ካልሆነ በቀር የማይገኝ ክፍልም አለው። ይህንም በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ይዞ በመምህሩ ፊት ይቆማል፤ መምህሩም የጎደለውን ሞልቶ የተጣመመውን አቅንቶ ይመልሰዋል።

አርኬዎሎጂ የሚባለው የጥንት ቅርስ ምርምርም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን አንድ ብርቱ ልዩነት አለው። ዛሬ የተበላሸ ቅኔ ነገ ይቃናል፤ በስሕተት የተቆፈረ መሬት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ድንጋዩ ወይም አጥንቱ በየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደ ነበረ ሳይጻፍ ከወጣ፣ የዕድሜው ምስክር ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ጀማሪው ብቻውን ሊሰማራ አይገባውም።

የዚህ ትምህርት ስፍራ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል ወጥቶ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው በአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬን ያገኛል። በዚያም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1965 ዓመት ጀምሮ ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዘመን ቁፋሮ መርተዋል፤ በ2024 ዓመትም ስፍራው ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

መምህር ያገኘ ተማሪ የሚሰጠውን ፍሬ አይተናል። ዶክተር ብርሃኔ አስፋው በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከነዴዝሞንድ ክላርክና ከነቲም ኋይት ዘንድ ተምረው በ1988 ዓመት ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ፤ በ1999 ዓመትም በአፋር የተገኘውንና ጋርሂ የተባለውን ቅሪት ለዓለም ያስታወቀው ጽሑፍ በርሳቸው ስም ቀዳሚነት ወጣ። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በወራንሶ ሚሌ ምርምሩን ራሳቸው እየመሩ፣ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረውን የራስ ቅል በ2019 ዓመት አስታወቁ።

እነዚህ ሊቃውንት መምህር ፍለጋ ባሕር ተሻግረዋል። ዛሬ ግን ከወገናችን የሚያስተምሩ ስላሉ፣ ወጣቱ በአገሩ መሬት ላይ ሊማር ይገባዋል። እንግዲህ ሹማምንቱ የቁፋሮ ፈቃድ ሲሰጡ ከእያንዳንዱ ሊቅ ጋር የሚማር ወጣት መኖሩን ይጠይቁ፤ ወጣቱም ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ እንዳይቀር አፈር መለየትን፣ መዝገብ መያዝን፣ ጽሑፍ ማዘጋጀትን መማሩን ይቈጣጠሩ። ዲፕሎማውን ከተቀበለ በኋላም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከታላቁ ጋር እንዲሠራ ያድርጉ። ካህናቱም የጥንቱን ደብርና የፍርስራሹን ታሪክ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ለሚጠይቃቸው ወጣት አይንፈጉ።

ሊቅ ተማሪ ሳያፈራ ቢያልፍ ያልጻፈው ዕውቀት ሁሉ አብሮት ይቀበራል፤ ያንንም ማንም ቆፋሪ አያወጣውም።